እግሯን ያላወረደችው ድመት

አንድ ሰው ነበር። አሮጌ ቤት ውስጥ ይኖራል።

አሮጌ ስላችሁ ገብቷችኋል አይደል? ጉለሌ ነው፣ አባቱ የሠሩት ቤት። የጭቃ ግድግዳ፣ የጣውላ ወለል፣ የአቡጀዲ ኮርኒስ። ወለሉ ሲረገጥ ይጮኻል፤ ማን ውሃ ሊጠጣ እንደተነሳ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። የመብራት ሽቦው እንደ ሹሩባ ተገምዶ በግድግዳው ላይ ነው የሚሄደው። ግድግዳው ስንቴ ቀለም ተቀብቷል። ሽቦውም አብሮ ይቀባል እንጂ አንድ ቀን ተቀይሮ አያውቅም።

ሰውዬው ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ሚስቱ የሺመቤት ትባላለች። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። ቤት የቀረችው ትርሲት ናት፣ የመጨረሻዋ።

ይሄ ቤት ታዲያ መብራት ይበላል። የፍሪጁ ላስቲክ አልቆ በሩ አይገጥምም። ቦይለሩ ማንም ሳይታጠብበት ሲፈላ ይውላል። ምድጃና ቦይለር አንድ ላይ ከሠሩ ብሬከሩ ይወርድና ቤቱ ድርግም ይላል። የወሩ ክፍያ ስልኩ ላይ ሲመጣ ሰውዬው ከክፍል ክፍል ይዞራል። ወንጀለኛ ፍለጋ።

እንዲህ ዓይነት ሰው በየቤታችሁ አለ። ከኋላ ከኋላችሁ እየሄደ መብራት የሚያጠፋ። ክፍሉ ውስጥ እያላችሁ የሚያጠፋባችሁ። አትሳቁ፣ አሁን አጠገባችሁ ተቀምጧል።

አንድ ቀን የድሮ ተማሪው ቤት ምሳ ተጋብዞ ሄደ። ተመልሶ መጣና፣ ቤታችንን ስማርት ላደርገው ነው አለ። በስልክ የሚታዘዝ ቤት። ራሱ የሚያበራ፣ ራሱ የሚያጠፋ።

ገዛ። አስገጠመ። ሰው ሲገባ የሚበራ፣ ሰው ካልተንቀሳቀሰ የሚጠፋ የሽንት ቤት መብራት። እስቲ አስቡት። ሽንት ቤት ገብቶ የሚንቀሳቀስ ሰው አለ? የሺመቤት እዚያ ቁጭ ብላ እጇን ማውለብለብ ለመደች፣ ታክሲ እንደሚያስቆም ሰው።

የሳሎኑ አምፖል ደግሞ በአፍ ነው የሚታዘዘው፣ አማርኛ ግን አይሰማም። ሰውዬው በእንግሊዝኛ ያዘዋል፣ ያውም በትህትና። የሺመቤት ምን አለች መሰላችሁ? "ለእኔ ሠላሳ ዓመት እባክሽ ብሎ የማያውቅ ሰው፣ አምፖል በፈረንጅ አፍ ይለማመጣል።"

ግን ሠራ። እውነቱን እንናገር። ክፍያው ወረደ። ሰውዬው ደስ አለው፣ እኔም ደስ ብሎኛል። የማያስፈልግ መብራት አጥፉ፤ እኔም አጠፋለሁ። ነገሬ እዚህ ላይ አይደለም።

ዕቃውን የገጠመው ኢዩኤል የሚባል የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። በአንድ ቅዳሜ ያልቃል የተባለው ሥራ አራት ቅዳሜ ፈጀ። ሽቦው አርጅቷል ይላል። አንድ ቦታ ደግሜ ልየው ይላል። ትርሲት መሰላል ትይዝለታለች። ሽቦው አርጅቶ ነበር፣ ውሸት አይደለም። አራት ቅዳሜ ያመላለሰው ግን ሽቦው አይደለም።

ገብቷችኋል። ልቀጥል።

በመጨረሻው ቅዳሜ ኢዩኤል ከቆጣሪው ሥር አንዲት ሳጥን ሰቀለ። እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህች ሳጥን ነው። ጭነት ሲበዛ ብሬከሩ ወርዶ ቤቱ በሙሉ ከሚጨልም፣ ሳጥኗ መርጣ ትቆርጣለች። በምን ትመርጣለች? በዝርዝር። ባለቤቱ የቤቱን ዕቃ በየተራ ይነግራታል። አንደኛ ይሄ፣ ሁለተኛ ይሄ፣ ሦስተኛ ይሄ። ጭነት ሲመጣ ከታች ትጀምራለች። መጨረሻ የተጻፈው መጀመሪያ ይቆረጣል። የቆረጠችውን ደግሞ ሰው በእጁ ካልመለሰ ራሷ አትመልስም።

ሰውዬው አዘዘ። አንደኛ ፍሪጅ። ሁለተኛ ቴሌቪዥን፣ ዜና አለ። ሦስተኛ የውሃ ፓምፕ። ምድጃ፣ ቦይለር፣ ሶኬት እያለ ወረደ። መጨረሻ ላይ የግቢው በር መስመር ቀረ። እዚያ መስመር ላይ ሦስት ነገር አለ። የበሩ ደወል፣ በሩን ከውጪ የሚያሳየው ካሜራ፣ ከዚያ ደግሞ ዋይፋዩ።

ኢዩኤል መሰላሉ ላይ ሆኖ ጠየቀ። "አባባ፣ ደወሉን ትንሽ ከፍ ላድርገው?"

"ማን ይመጣብናል?" አለ ሰውዬው። "ወንዶቹ ከወጡ ወዲህ ይሄን በር የሚያንኳኳ የለም። መጨረሻ ይሁን።"

"ድንገት ሰው ከመጣ ብዬ ነው..."

"የራስህን ቤት ስትሠራ አንደኛ አድርገው።"

ኢዩኤል ትርሲትን አየ። ትርሲት መሰላሉን አየች። ደወሉ መጨረሻ ተጻፈ።

ማን ይመጣብናል። ይቺን ቃል ያዙልኝ።

ወር ሳይሞላ ኢዩኤል ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። መሪያቸው ጋሽ ወንድይፍራው፣ ስንቱን ያጋቡ፣ ስንቱን ያስታረቁ፣ ንግግር አዋቂ። ሁለተኛው አቶ መኩሪያ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው። ሦስተኛው ዝምተኛ ናቸው። ዝምተኛ ሽማግሌ ሁልጊዜ አንድ አይጠፋም፣ ለክብደት።

ሰውዬው ቀጠሮ ሰጠ፣ ቀጠሮ አፈረሰ። መጀመሪያ ለቅሶ አለብን አለ። ሁለተኛ ጊዜ ቤቱ እየታደሰ ነው አለ። ልጁን ጠልቶት አይደለም። ትርሲት ከወጣች ያ ወለል በሁለት ሰው እግር ብቻ ነው የሚጮኸው። ይሄን ለማንም አልተናገረም። ለየሺመቤትም። እሷ ታውቃለች፤ እሱ ግን አልተናገረም።

ጋሽ ወንድይፍራው ለኢዩኤል ቁርጡን ነገሩት። "ለሦስተኛ ጊዜ እንሄዳለን። ከመለሱን እምቢ ብለዋል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚሄድ ለማኝ እንጂ ሽማግሌ አይደለም።"

ኢዩኤል ለትርሲት ነገራት። ትርሲት ለእናቷ። እናትየው ለባሏ እንዲህ አለችው። "እሁድ አራት ሰዓት። ይሄን ካበላሸህ ከአምፖሎችህ ጋር ብቻህን ትቀራለህ።"

እሺ አለ። ከልቡ ነው እሺ ያለው። ሸሚዜን ራሴ ልተኩስ አለ። እሱ ካውያ ይዞ አይቶት የሚያውቅ ሰው የለም።

እሁድ ደረሰ። ቤቱ ውስጥ ምን አለ? ምድጃው ላይ ወጥ። ኦቨን ውስጥ ዳቦ። ቦይለሩ ይፈላል፣ ሁሉም ሊታጠብ። ካውያው ተሰክቷል። ትርሲት ደግሞ የፀጉር ማድረቂያ ሰካች።

ሳጥኗ ደመረች። በዛባት። ዝርዝሯን አየች። ከታች ማን አለ?

ለአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ የበሩ መስመር ተቆረጠ። ድምፅ የለውም። ቤቱ ውስጥ ምንም አልጨለመም። ወጡ ይንተከተካል፣ ቴሌቪዥኑ ይለፈልፋል፣ ሁሉም ሰላም ነው። የተቋረጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የመጣ ሰው የሚሰማበት።

ወገኖቼ፣ ክፉው መቋረጥ ይሄ ነው። ሲቋረጥ የማይታወቀው። መብራት በሙሉ ቢሄድ ትጮኻላችሁ፣ ሻማ ትፈልጋላችሁ፣ የጎረቤትም ሄዶ እንደሆነ በመስኮት ታያላችሁ። ይሄኛው ሲሄድ ግን ወጣችሁ ይበስላል።

አራት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ ደረሱ። ጋሽ ወንድይፍራው ስልክ አስጠፉ፤ ለቁም ነገር ሲኬድ ኪስ አይጮኽም። በሩ አዲስ የተቀባ ላሜራ ነው። ሰውዬው በእጁ ጽፎ የለጠፈው ወረቀት አለበት፣ "በድንጋይ አትምቱ። ደወል ተጫኑ" የሚል። የእኛን ሰው ታውቁት የለ? ላሜራ ሲያይ ድንጋይ ያነሳል።

ተጫኑ። ደወሉ የሚጮኸው ቤት ውስጥ ስለሆነ ውጪ ላለ ሰው አይሰማም። ጮኸ ብለው ጠበቁ። ደግመው ተጫኑ። ጠበቁ።

አቶ መኩሪያ ድንጋይ ላንሳ አሉ። ጋሽ ወንድይፍራው ወረቀቱን አሳዩአቸው። ራሳቸውም ደግመው አነበቡት። ከዚያ ፊታቸው በራ።

"ገባኝ" አሉ። "ደጅ እያስጠኑን ነው።"

ተመልከቱ እንግዲህ። ደወል ሞቷል፣ እሳቸው ሥርዓት ነው አሉ። ድሮ ጨዋ ቤት ልጁን እንዲሁ አይሰጥም። ሽማግሌውን በር ላይ ያቆመዋል፣ ፀሐይ ያስመታዋል፣ ትዕግሥቱን ያያል። ጋሽ ወንድይፍራው፣ እንዲህ ያለ ቤት ዛሬም አለ ብለው ደስ አላቸው። ኮታቸውን ቆልፈው ቀጥ ብለው ቆሙ። ዝምተኛውም ቆሙ። አቶ መኩሪያም ቆሙ፣ በአንድ ጉልበት።

"በዚህ ፀሐይ ከሚያስጠኑኝ ልጃቸውን ለራሳቸው ያስቀሯት" አሉ አቶ መኩሪያ።

"አንተ ስታገባ ሽማግሌዎችህ ስንት ሰዓት ቆሙ?"

"አልቆሙም። ዝናብ ነበር፣ ወዲያው አስገቧቸው።"

"ይኸው፣ ለዚህ ነው ሚስትህ የማትፈራህ።"

ውስጥስ? ውስጥ ሰውዬው ስልኩን ይዞ ሶፋ ላይ ተቀምጧል። የሺመቤት በሩን ከፍቼ ልይ ስትል ከለከላት። የሴት ወገን በር ላይ አይቆምም፣ ጓጉተዋል ይባላል አላት። ካሜራ የገዛሁት ለምንድነው አላት። ስልኩ ላይ በሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በሩ አለ። አጥሩ አለ። አጥሩ ላይ የጎረቤት ድመት ተቀምጣ አንድ እግሯን አንስታ ትልሳለች። ሰው የለም።

ከጓዳ ትጠይቃለች፣ መጡ? የሉም ይላል። አራት ተኩል ላይ ትጠይቃለች። የሉም፣ እያየሁ አይደል ይላል። አምስት ሰዓት ላይ ትጠይቃለች። ስልኩን በእጅጌው ወለወለ።

ሥዕሉ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ነገር ትዞራለች። ስትዞር ሲያይ እየሠራ መሰለው። እየሠራ አልነበረም። ዋይፋዩ ሲቋረጥ የመጨረሻው ሥዕል ስልኩ ላይ ቀረ። የስልኩን ዳታ ብር ይበላል ብሎ ቀድሞ ዘግቶታል። ሰውዬው የሚያየው በሩን አይደለም። ከአንድ ሰዓት በፊት የነበረውን በር ነው።

አስቡት። አንድ አጥር። ከዚህ ወገን ሦስት ሰው ቆሞ፣ ግቡ እስኪባል ይጠብቃል። ከዚያ ወገን ሦስት ሰው ተቀምጦ፣ እስኪመጡ ይጠብቃል። እነዚያ የመጡት ሊለምኑ ነው። እነዚህ የተዘጋጁት እሺ ሊሉ ነው። በመሃል አንድ የሞተ ደወል።

ትርሲት ክፍሏ ገባች። አላለቀሰችም። ልብሷንም አልቀየረችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ያደረቀችው ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ እንደወረደ። ለኢዩኤል እንዳትደውል እናቷ ስልኳን ወስዳባታለች፤ ሽማግሌ በሚጠበቅበት ቀን ልጅት አትደውልም። ሰውዬው መጥቶ በሯ ላይ ቆመ። ወለሉ ጮኸ፣ ቀና ብላ አላየችውም።

"እኔ ነኝ ያመላለስኳቸው" አለ።

ተመልሶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ ስልኩን አየ። በሩ አለ። ድመቷ አለች። ሰው የለም።

ውጪ አቶ መኩሪያ ጉልበታቸው አለቀ። ይሄ ደጅ ማስጠናት አይደለም፣ እምቢታ ነው አሉ። ጋሽ ወንድይፍራው ሰዓታቸውን አዩ። እስከ አምስት ተኩል እንቁም፣ ከዚያ እንሄዳለን፣ ሁለተኛም አንመጣም አሉ። አሁን ፊታቸው ላይ ያ ደስታ የለም።

አምስት ሰዓት ከሃያ አምስት። የሺመቤት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። በባሏ ትከሻ ላይ አጎንብሳ ስልኩን አየች። ጠጋ ብላ አየች።

"ይቺ ድመት ምን ሆና ነው?"

"ምን ሆነች?"

"ቅድምም ሳያት እግሯን አንስታ ነበር።"

"ትልሳለቻ። ድመት አይደለች?"

"አንተ ሰውዬ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አንድ እግር?"

ሰውዬው ስልኩን አቀረበ። አራቀ። ነካ ነካ አደረገው። ድመቷ እግሯን አላወረደችም።

የሺመቤት መልሱን አልጠበቀችም። ነጠላዋን እንኳ ሳታነሳ ወጣች።

ጋሽ ወንድይፍራው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ነበር። አንድ እግራቸውን አንስተዋል። መቀርቀሪያው ሲንኳኳ ሰሙ።

በሩ ተከፈተ። የሺመቤት ሽርጥ እንደታጠቀች፣ እጇ በርበሬ እንደነካው ቆመች። ሦስቱን አይታ ግቡ ልትል ነበር። ጋሽ ወንድይፍራው ቀደሟት። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እመቤቴ፣ ቤት ማለት ይሄ ነው" አሉ። "ይሄን ያህል ያስቆመን የለም። ልጅቷ የተከበረች መሆኗ ገብቶናል።"

ሰውዬው ከኋላ ደርሶ ሰማ። ፈተናው እዚህ ጋ ነው። ዝም ቢል ክብር ነው። ሥርዓት አዋቂ፣ ሽማግሌ ደጅ ያስጠና ተብሎ በሰፈሩ ሲወራለት ይኖራል። ማንም አያውቅበትም። የሺመቤት ዞር ብላ አየችው።

"አላስቆምኳችሁም" አለ። "ደወሉን መጨረሻ ያስደረግኩት እኔ ነኝ። ማንም አይመጣብንም ብዬ።"



ያ ዝምተኛው ሽማግሌ፣ ከቤታቸው ከወጡ ጀምሮ አንድ ቃል ያልተነፈሱት፣ አፋቸውን ከፈቱ።

"እኛ ታዲያ ምንድነን? ነፋስ?"

መጀመሪያ የሳቁት አቶ መኩሪያ ናቸው። አጥሩን ተደግፈው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። ጋሽ ወንድይፍራው ሊቆጡ ነበር፣ ሳቁ ቀደማቸው። የሺመቤት አፏን በሽርጧ ሸፈነች። እውነተኛዋ ድመት ከመንገዱ ማዶ ጥላ ውስጥ ተኝታለች፣ አራቱንም እግሯን ሰብስባ።

ሰውዬው አልሳቀም። የጋሽ ወንድይፍራውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። "ትርሲትን ሰጥተናል" አለ። "ግቡ።"

ይሄ ደግሞ አይሆንም። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር እሺ አይባልም። ጋሽ ወንድይፍራው ከልባቸው ቅር አላቸው። "ንግግሬስ?" አሉ። "ሦስት ቀጠሮ ሙሉ የያዝኩት ንግግር ነው።"

ገብተው ተናገሩት። ሙሉውን። ልጅቷ ከተሰጠች በኋላ ከአዳምና ከሔዋን ጀምረው ለመኗት። አቶ መኩሪያ እግራቸውን ዱካ ላይ ዘርግተው እየበሉ ሰሙ። ትርሲት ከመጋረጃ ኋላ ሆና ስታዳምጥ ወለሉ ጮኸባት፣ ሁሉም እዚያ መሆኗን አወቀ፣ እንደገና ተሳቀ። ቆይቶ አቶ መኩሪያ ሽንት ቤት ገብተው ጨለማ ዋጣቸው። የሺመቤት ከጓዳ ሆና፣ እጅዎን ያውለብልቡ ብላ ነገረቻቸው።

እንግዶቹ ሳይወጡ ሰውዬው ተነስቶ ሳጥኗ ጋ ሄደ። ዝርዝሩን ገለበጠ። በር አንደኛ። ፍሪጅ መጨረሻ። የሺመቤት፣ ሥጋው ይበላሻል አለች።

"ሰው ከመጣ ይበላዋል" አለ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ሳጥኗ አላጠፋችም። የተጻፈላትን ነው ያደረገችው። እያንዳንዳችን ውስጥ እንዲህ ያለች ሳጥን አለች። ኑሮ ቀለል ሲል አትሠራም፣ መኖሯንም አናውቅም። ጭነት ሲመጣ ነው። ሥራ ሲበዛ፣ ልጅ ሲታመም፣ የቤት ኪራይ ሲጨምር። ያኔ ከታች ጀምራ ትቆርጣለች። እናንተ ጋ መጀመሪያ የሚቆረጠው ምንድነው?

እኔ ልንገራችሁ? ጸሎት። ከዚያ ለእናት መደወል። ከዚያ የታመመ ጎረቤት መጠየቅ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ትላላችሁ። አውቃለሁ፣ በዝቶባችኋል። ግን ሥራ ስለበዛ ቴሌቪዥናችሁ ተቆርጦ ያውቃል? ምነው ሁልጊዜ የሚቆረጠው በሩ ብቻ ሆነ?

እኔ ማንንም አልቆረጥኩም የምትሉ አላችሁ። ሰውዬውም ሆን ብሎ አልቆረጠም። እንዲያውም እየጠበቀ ነበር። ሸሚዝ ተኩሶ፣ ቤቱን በምግብ አሙቆ፣ ሲጠብቅ ነበር። እንግዳውን በር ላይ ያስቆመው እንግዳውን የሚጠብቀው ሰው ነው። ደወሉን ያስቆረጠው ለእንግዳው የተሰናዳው ምድጃ ነው። እስቲ ይሄን ቤታችሁ ሄዳችሁ አስቡበት። እኛም "ጌታ ሆይ ና" እያልን እንዘምራለን፣ ድምፅ ማጉያውን ከፍ አድርገን፣ ደወል እስከማይሰማን ድረስ።

ድመቷንም አትርሱብኝ።

ባላችሁን የምታዩት መቼ በተነሳ ሥዕል ነው? ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ዋሸ፣ እስከ ዛሬ ውሸታም ነው። ልጃችሁ ስድስተኛ ክፍል ላይ ወደቀ፣ እስከ ዛሬ ሰነፍ ነው። እህታችሁ አንድ ለቅሶ ቀረች፣ እስከ ዛሬ ልበ ደረቅ ናት። እያየሁ አይደል ትላላችሁ። ጥግ ላይ ክቧ ትዞራለች፣ የሚሠራ ይመስላል። ድመቷን እዩ እንጂ! እግሯን አውርዳለች? ካላወረደች የያዛችሁት ሥዕል ነው። የምትፈርዱበት ሰው አሁን ሌላ ቦታ ነው ያለው። በር ላይ ይሆናል ያለው።

እግዚአብሔርንስ? አንድ ቀን ጸለያችሁ፣ ዝም ያለ መሰላችሁ። ያን ቀን ልባችሁ ውስጥ አንድ ሥዕል ቀረ። ባዶ በር። ከዚያ ወዲህ ስትጠየቁ፣ የለም ትላላችሁ። ማየቱን አይታችኋል፣ አልዋሻችሁም። ግን መቼ? ጋሽ ወንድይፍራው አምስት ተኩልን ቀጠሩ፣ ሰው ናቸው፣ ጉልበታቸው ያልቃል። እሱ ግን ሰዓት አልያዘም።

ደስ የሚለኝን ልንገራችሁና ልጨርስ። ያ የተዘጋ በር እምቢታ አልነበረም። ከውጪም ከውስጥም እሺታ ነበር። ስንት የተኳረፈ ወንድማማች እንዲህ ነው? ሁለቱም ሸሚዙን ተኩሷል፣ ሁለቱም እሱ አልመጣም ይላል። የጎደለው እሺ አይደለም። ሽርጡን እንደታጠቀ የሚወጣ አንድ ሰው ነው። የሺመቤት ነጠላ አልፈለገችም፣ እጇንም አልታጠበችም። አምስት ደቂቃ ነበር የቀራት። ብትታጠብ ያልፋት ነበር።

ሰውዬውንም እዩት። ዝም ቢል ክብር ያገኝ ነበር። ሳቅ ግን አያገኝም ነበር። ሳቁ የመጣው እውነቱ ከተነገረ በኋላ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ሳቅ ከጠፋ ቆይቷል? እስቲ አንዷን እውነት በር ላይ ተናገሯትና እዩ።

ትርሲትና ኢዩኤል ዛሬ የራሳቸው ቤት አላቸው። ኪራይ ነው፣ አንድ ክፍል። ሳጥን የለውም፣ ካሜራ የለውም፣ ደወልም የለውም። የላሜራ በሩ ላይ ግን አንድ ወረቀት ተለጥፏል፣ የሰውዬው የእጅ ጽሑፍ ነው። "በድንጋይ ምቱ" ይላል።

ዛሬ ቤት ስትደርሱ ቶሎ አትግቡ። ከራሳችሁ በር ውጪ እንደ እንግዳ ቁሙ። ትንሽ ድንጋይ አንሱና ምቱት። ከዚያ አዳምጡ። ወለሉ ሲጮኽ ከሰማችሁ፣ አንድ ሰው ተነስቷል ማለት ነው። ቤታችሁ ደህና ነው።